ከጸሎቱ በፊት የሚነሳው ድርሻ

ሰናፍጭ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ የራሱ ድምፅ አለው፤ መጀመሪያ አንድ ሁለቴ ጠሽ ጠሽ ይልና፣ ቀጥሎ እንደ ፈንዲሻ ተንጣጥቶ ተንጣጥቶ፣ ድስቱ ሲከደንበት ታፍኖ ጸጥ ይላል። እኛ ሰናፍጭን ፈጭተን በውሃ እንበጠብጠዋለን እንጂ እንዲህ አናንጣጣውም፣ ስለዚህ ድምፁን ድሬዳዋን ከለቀቅሁ ወዲህ የትም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ታዲያ አምና ብርዱ ሲጀምር፣ እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለው አፓርትመንታችን ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ እንዳልኩ፣ ከላይኛው ቤት በአየር ማውጫው በኩል ያው ድምፅ ወረደ፣ ሽታውም ተከትሎት መጣ፣ እኔም ሳላስበው «ሻንታቤን ምሳ እየሠራች ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። ልጄ ሂክማ ከሆምወርኳ ቀና ብላ «ማሚ፣ ማን ነው ሻንታቤን?» አለችኝ።

ያን ሰሞን እኔ ፍርሃት ላይ ነበርኩ። ኤርፖርት አውሮፕላን የማጸዳበት ሺፍት በቅርቡ ወደ ከሰዓት እንደሚቀየር ተነግሮኝ፣ ባለቤቴም ታክሲውን ይዞ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ስለሆነ፣ ሂክማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት ሰው ሊጠፋ ሆነ። እዚህ አገር ልጅ ብቻዋን ቤት ከተገኘች መንግሥት ይወስዳታል እየተባለ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም፣ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ከሕንጻው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቤቷ የምትውል ሴት ያለችው ላይኛው ቤት ብቻ ነበር፤ ሚና ትባላለች፣ ህንድ ናት፣ ሂንዱ ናት፣ ግንባሯ ላይ ቀይ ነጥብ ታደርጋለች፣ ደረጃው ላይ ስንተላለፍ «ሃይ» ከመባባል በቀር ተነጋግረን አናውቅም። ያን ሳምንት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ከህንድ አገር እሳትና ጭስ ነበር የሚያሳየው፣ ያደረጉት ሙስሊሞች ናቸው እየተባለ። እኔ ደግሞ በሩቁ የምታወቅ ሂጃብ ለባሽ ነኝ። ሄጄ ባንኳኳ በሩን ትዘጋብኝ ይሆን? ከፍታልኝስ፣ ልጄን የማላውቀው ቤት አስገብቼ ምን ታበላብኝ ይሆን? እየወጣሁ ደረጃው ግማሽ ላይ ስደርስ እመለስ ነበር። የዛን ቀን ግን ሰናፍጩ ሲንጣጣ ልቤ ከደረጃው አልፎ ድሬ ገባ።

ድሬ የኛ ጊቢ ከመጋላ ገበያ ብዙ አይርቅም ነበር። በሩ አንድ፣ የውሃ ቧንቧው አንድ፣ ቤቱ ግን ሁለት ሆኖ፣ በአንዱ እኛ፣ በሌላው ሻንታቤን ከባሏና ከልጇ ጋር ይኖሩ ነበር። ስሟ ሻንታ ነው፣ «ቤን» የሚሉት በነሱ ቋንቋ «እህቴ» እንደማለት ነው፣ እኛም ልጆቹ ሳይቀር እንዲያው እንጠራት ነበር፤ ድሬ ላይ አንቱ መባባል የለም፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም አንተና አንቺ ነው። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ አባቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበርና የስፌት መኪናውን የሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራ ነበር፤ ሰዉ ጨርቁን ከውስጥ ይመርጥና ወጣ ብሎ አባቴ ዘንድ ይለካል። የሁለቱ ቤት ኑሮ እዚያች በረንዳ ላይ ተያይዞ ነበር።

በበጋው ሙቀት፣ ከምሳ በኋላ ከተማው ሁሉ ተኝቶ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ በሚጠፋበት ሰዓት፣ እናቴና ሻንታቤን ከቧንቧው አጠገብ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ አንዷ ሩዝ አንዷ ምስር እየለቀሙ ያወሩ ነበር፣ እኔም እግራቸው ሥር ተጋድሜ እሰማ ነበር። ሻንታቤን ስለ አገሯ ስታወራ ባሕር ዳር ያለችውን መንደሯን አየሁ አየሁ ይለኝ ነበር። ሂንዱና ሙስሊም ከቅድመ አያት ጀምሮ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት መንደር ናት፤ ጨርቁን የሚሸምነው ሙስሊም ነው፣ የሚነግደው ሂንዱ ነው፣ የሂንዱ ሙሽራ የምታጠልቀውን አምባር የሚሠራላት ሙስሊም ነው።

«እናቴ እኔን ያገኘችኝ እኮ ተስላ ነው» ትላት ነበር እናቴን፣ «የእናንተ ሸህ መቃብር ላይ አበባ ጥላ።»

«አቦ አትዋሺ!»

«ወላሂ!»

ሂንዱዋ ሴትዮ ወላሂ ብላ ስትምል እናቴ በሳቅ ትፈርስ ነበር። «እንደ ቁልቢ ነው በይኛ! ከኛስ ቁልቢ ገብርኤል ስለት የሚያስገባ ስንቱ ነው።»

አንዳንዴ ደግሞ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ክፉ ቀን አልነበረም?» ትላታለች። ሻንታቤን አትዋሽም ነበር። «ነበር እንጂ። ቤት ተቃጥሏል፣ ሰው ተሰድዷል፣ አጎቴም ተጎድቷል። ሲያልፍ ግን ሙሽራ አምባር ትፈልጋለች፣ አምባር ሠሪውም መብላት አለበት። ተመልሶ መገናኘት ነው» ትልና ምስሯን ታበጥር ነበር።

ሁለቱ ቤቶች አብረን ስንኖር ደንብ ነበረን። እነሱ ቤት ሥጋ አይገባም፣ እንቁላል አይገባም፣ ሥጋ የነካ ድስት አይነካም፤ እኛ ደግሞ ለጣዖት የቀረበ ነገር አንቀምስም። ታዲያ የዓረፋ በግ እኛ ጊቢ ታርዶ አያውቅም፣ አባቴ ለገሃሬ ሰፈር አጎቴ ቤት ወስዶ ነበር የሚያርደው፣ እናቴም ሥጋውን እዚያው ሠርታው ነበር የምትመጣው። ለሻንታቤን የምትልከው የበዓል ስጦታ የበሰለ አልነበረም፤ ሩዝ፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ሄልና ሙዝ፣ ሁሉንም እንዳለ ጥሬውን፣ ናስ ትሪ ላይ ደርድራ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና ነበር የምትልከው። ጥሬ ነገር የማንም እሳት ያልነካው ስለሆነ ሻንታቤን በራሷ እሳት፣ በራሷ ድስት ትሠራዋለች። ይህንን እናቴ ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት «አያትሽ ባቡሩ ሲመጣ አብረው ከመጡት ህንዶች ተምራው ነው፣ አባትሽ ነው ከአባቱ ሰምቶ የነገረኝ» ብላ ታደናግረኝ ነበር፣ ሻንታቤን ግን «በኛም አገር ሙስሊሞቹ ለኛ የሚልኩት እንዲሁ ጥሬውን ነው፣ ከጥንት ጀምሮ» ነበር የምትለው።

ክረምቱ አልፎ፣ የደቻቱ ጎርፍ ቆሞ አሸዋው መድረቅ ሲጀምር ደግሞ የነሱ የመብራት በዓል ይደርስ ነበር። ሻንታቤን ከሸክላ የተሠሩ ትናንሽ ኩራዞች በጊቢው ዙሪያ ትደረድራለች፣ በኛ በኩል ያለውንም ግድግዳ አትረሳም። የሽምብራ ዱቄት በቅቤ ጠብሳ፣ በስኳርና በሄል አሽታ፣ ላዱ የሚሉትን ክብ ክብ ጣፋጭ ትሠራለች። ታዲያ ጣፋጩ አምላኮቿ ሥዕል ፊት ከመቅረቡ በፊት «ዘይኑ! ነይ ቁሚ!» ብላ ትጠራኝ ነበር። ማድ ቤቷ አልገባም፣ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። እሷ ከትልቁ ሳህን ላይ የኛን ድርሻ እያየሁ አንስታ ናስ ትሪው ላይ ታስቀምጥና «አየሽ?» ትለኛለች፣ «አየሁ» እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የቀረውን ይዛ ለጸሎት የምትገባው። እኔ ትሪውን በሁለት እጄ ይዤ ቤት ስገባ እናቴም «አየሽ?» ትለኛለች፣ «በዓይኔ አየሁ» እላለሁ፣ ቢስሚላህ ብላ ትቆርሳለች። እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ለኔ ተሰጥቶኝ ስለነበር በዓሉ የነሱ ይሁን የኔ አላውቅም ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ ክፉ ወሬ መጣ። ህንድና ጎረቤቷ የሙስሊሞቹ አገር ሊዋጉ ነው ተባለ፣ ሬዲዮው ያንኑ ያወራል፣ ገበያው ያንኑ ያወራል። ትልቁ አጎቴ አብዲ፣ ያ የለገሃሬው፣ በየቀኑ ከሰዓት ጫቱን ይዞ እየመጣ አባቴን ያስጨንቀው ጀመር።

«ወርያ፣ አንተ እዛ የህንዱ ባንያን በረንዳ ላይ እስከ መቼ ነው የምትቀመጠው? ነገ ጦርነቱ ሲነሳ መኪናህን አውጥቶ ነው የሚጥልልህ። እኔ ሌላ በረንዳ አግኝቼልሃለሁ፣ የሙስሊም ሱቅ ነው።»

«ምን አደረገኝ?» ይላል አባቴ።

«እስኪያደርግህ ነው የምትጠብቀው? ለነሱ ብለህ በግህን እንኳ ቤትህ አታርድም! እነሱ ላንተ ምን ይተዋሉ? የሚልኩልህን ጣፋጭስ ምን እንዳሉበት በምን አወቅህ? በአንዲት ሕፃን ምስክርነት?»

ይህን ሲል እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ፤ ፊቴ ጋለ። አባቴ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ ያን ቀን ግን «በዓላቸው ደርሷል። ይህ ሁሉ ወሬ እያለ ትሪው እንደ ድሮው ከመጣ፣ ደግመህ ስለ በረንዳ እንዳታነሳብኝ። ካልመጣ መኪናዬን አነሳለሁ» አለ። እናቴ ከጓዳ ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። ለኔ ግን መኪናው ከተነሳ ዛፉ ሥር መቀመጥ ቀረ፣ ኩራዙም ቀረ፣ ሻንታቤንም ቀረች ማለት ነበር።

በዚያው ሰሞን ሻንታቤን ልጇን ሚስት አጋብታው ነበር፣ ካምላ የምትባል፣ ከአገር ቤት በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር የመጣች ጠይም ቀጭን ልጅ፣ አማርኛ የምትባል ቃል የማታውቅ። የበዓሉ ቀን «ዘይኑ! ነይ ቁሚ!» የሚለውን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ሮጬ ሄጄ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሻንታቤን ቧንቧው ጋ ዕቃ እያጠበች ነው፤ ማድ ቤት ያለችው ካምላ ብቻ ናት፣ ላዱውን በሙሉ ትልቁ ሳህን ላይ ደርድራ፣ አበባ አድርጋበት፣ ይዛ ልትወጣ ነው። «የኛስ? የኛን አንሺ!» አልኳት። አልገባትም። ፈገግ ብላ ጉንጬን ነካ አድርጋኝ አለፈች፣ ሄዳም ሁሉንም አምላኮቻቸው ሥዕል ፊት አስቀምጣ እጇን አጋጠመች።

ሻንታቤን እጇን እያደራረቀች ስትገባ አየችው። ካምላን አልተቆጣቻትም፣ ቁጭ አለች እንጂ። ናስ ትሪው ባዶውን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሳህኑ ላይ ጥቂት አንስታ ትሪው ላይ ብታደርግ፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔንም በአንዲት ላዱ ዝም ማሰኘት ይቻል ነበር። እሷ ግን ወደኔ ዞራ «ዘይኑ፣ አየሽ አይደል?» አለችኝ።

«አየሁ።»

«እንግዲያው ተነሽ፣ እናትሽ ጋ አብረን እንሂድ።»

ቤታችን ውስጥ አጎቴ አብዲ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተቀምጧል፣ አባቴም ያን ቀን ከሥራ ቀደም ብሎ ገብቷል። ሁለቱም የሚጠብቁት ትሪውን ነው። ሻንታቤን ባዶ እጇን ደጃፉ ላይ ስትቆም አጎቴ አባቴን በክርኑ ነካ አደረገው። እሷ ስለ በረንዳው የተባለውን አታውቅም፣ ማንም አልነገራትም።

«ፋጡማ» አለች እናቴን፣ «ዘንድሮ የምሰጥሽ የለኝም። ሙሽራዋ ደንባችንን አታውቅም፣ ሁሉንም አምላክ ፊት አቀረበችው። አንስቼ ባመጣልሽ ትበይው ነበር፣ አታውቂም ነበር። እኔ ግን አውቃለሁ። ባዶ እጄን መምጣት ይሻለኛል ብዬ ነው።»

አጎቴ አብዲ ጫት ማላመጡን አቆመ። እናቴ አባቴን አየችው፣ አባቴ እግሩን አየ፣ ከዚያ እናቴ ሳቋ አመለጣት።

«አቦ! ለዚህ ነው ፊትሽ እንዲህ የሆነው? እኔ ደግሞ ሰው የሞተ መስሎኝ! ሙሽራ አይደለችም እንዴ፣ በምን ታውቅ!»

እንዲህ ብላ ወደ ጓዳ ገባች፣ ረመዳን ሊገባ ነበርና ለጾሙ የገዛችውን ስኳርና ቅቤ እንዳለ ይዛ ወጣች። ሥራው እኛ ማድ ቤት አይሆንም፣ ድስታችን ሥጋ ያውቃል፤ እነሱ ማድ ቤትም እናቴ አትገባም። ስለዚህ የኛን የከሰል ምድጃ ከዛፉ ሥር ቧንቧው አጠገብ አወጣችና፣ የሻንታቤን መጥበሻ ከሽምብራ ዱቄቷ ጋር ተጣደበት። እናቴ ታራግባለች፣ ሻንታቤን ታማስላለች፣ ካምላ ዓይኗ እንባ እንዳዘለ ታድበለብላለች፣ ጥፋቷን አሁን በቋንቋዋ ነግረዋታል። እኔ ቆሜ አያለሁ፣ አሁን ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ አባቴም፣ አጎቴም ሳይጠሩ ወጥተው ቆመዋል። የመጀመሪያው ላዱ ትሪው ላይ ሲቀመጥ ሻንታቤን እንደ ልማዷ «አየሽ?» ልትለኝ ቀና ስትል አጎቴ ቀደመኝ።

«አየን፣ አየን» አለ። አንዱን አንስቶ ጎረሰና ትንሽ አላምጦ «ሄል በዝቶበታል» አለ።

«ጫትህ ነው አፍህን ያመረረው!» አለችው ሻንታቤን፣ ጊቢው በሳቅ ተሞላ። አጎቴ ሲወጣ በሩ ላይ ለአባቴ «ይቺ ሴትዮ ቃዲ ፊት ብትቆም ብቻዋን ምስክር ትሆናለች» ሲለው ሰምቻለሁ። የበረንዳው ነገር ዳግመኛ አልተነሳም። ጦርነቱ ብርዱ ሲገባ ተነሳ፣ ሬዲዮው አወራ፣ አለቀ፤ አባቴና ባሏ በዚያች በረንዳ ላይ አንዱ እየለካ አንዱ እየቀደደ ከረሙ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት ተለውጦ ሱቁ ሲወረስ ሻንታቤኖች በመጡበት ባቡር ተመልሰው ሄዱ። እናቴ ለመንገዷ ሩዝና ስኳር ጥሬውን በናስ ትሪው ይዛላት ስትወጣ፣ ሻንታቤን ዕቃውን ከረጢቷ ውስጥ ገልብጣ ትሪውን መለሰችላት። «ይህ ካንቺ ጋ ይሁን። ጎረቤት አታጪም» አለቻት። ትሪው ዛሬም ድሬ እህቴ ቤት አለ።

አምና እንግዲህ፣ ሰናፍጩ ከተንጣጣ በኋላ በሳምንቱ ዓረፋ ደረሰ። ባለቤቴ ሥጋ ገዝቶ ፍሪጅ አስገባ፣ እኔ ግን ሥጋውን ሳልነካ መጀመሪያ ታጥቤ፣ ከግሮሰሪ ያመጣሁትን ሩዝና ስኳር፣ ወረቀቱ ያልተፈታ ቅቤ፣ ሙዝም ጨምሬ፣ ናስ የለኝም፣ የፎይል ትሪ ላይ ደረደርኩት፣ ንጹሕ ፎጣ አለበስኩትና ደረጃውን ወጣሁ። ግማሹ ላይ ስደርስ እንደ ልማዴ ልመለስ አልኩ፣ ግን ሁለት እጄ ተይዟልና መመለሱም አልተመቸኝም። በእግሬ ነው ያንኳኳሁት።

ሚና ከፈተች። መጀመሪያ ሂጃቤን አየች፣ ቀጥላ ፎጣውን ገለጥ አድርጋ ትሪውን አየች፣ ረጅም ጊዜ አየችው። የኔ እንግሊዝኛ ስብርብር ነው፣ የሷም ያው ነው፣ ግን ተግባባን።

«ሁሉም ጥሬ ነው» አለችኝ። «ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ጎረቤታችን።»

«የት አገር?»

«አፍሪካ» ስላት በሳቅ ፈነዳች፣ ከዚያም ዓይኗን ጠረገች። አያቷ ቤት በየኢዱ እንዲህ ያለ ትሪ ይመጣ ነበር ለካ። አስገባችኝ፣ እኔም ስለ ሺፍቴ፣ ስለ ሂክማ፣ ስለ ፍርሃቴም ነገርኳት። ስለ ቴሌቪዥኑ እሷ ናት ያነሳችው፤ «እኔም እናንተን ደረጃ ላይ ሳይ ምን ያስቡብን ይሆን እያልኩ እፈራ ነበር» አለች። «የኔም ልጅ ብቻዋን ናት፣ ሁለት ቢሆኑ ይሻለኛል» ብላ ጨረሰችው። ሃላል ነው አይደለም እያልኩ ስጨነቅ የከረምኩት፣ ለካ ልጄን የማስቀምጠው ሥጋ ከነጭራሹ በማይገባበት ቤት ነው!

አንድ ቀን ቁጭ ብለን ባቄላ ስንፈለፍል ለሚና የሻንታቤንን ታሪክ፣ የካምላንም ጥፋት አጫወትኳት። እየፈለፈለች ሰማችኝ፣ ረሳችው ብዬ ነበር። ዘንድሮ የመብራት በዓላቸው ሲደርስ፣ እኔ ኦፍ የነበርኩ ዕለት፣ ሂክማ የተሸፈነ የወረቀት ሳህን ይዛ ከላይ ወረደች።

«ማሚ፣ ሚና አንቲ ኪችን በር ላይ ቁሚ አለችኝ። ሂጂ ለማሚ ንገሪ አለች።»

«ምን ብለሽ?»

«ፈርስት የኛን አወጣች፣ ከዛ ፕሬይ አደረገች። እኔ አየሁ።»

ያኔ በመሃላችን አንድ ቧንቧና አንድ ዛፍ ነበረ፣ የጎረቤት ወጥ ሲቁላላ ማን ምን እንደሚበላ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በመሃላችን የሰው ጣሪያ አለ፣ ሁሉም መኪናውን ፓርክ አድርጎ በሩን ይቆልፋል፣ ዓመት ሙሉ «ሃይ» ብቻ ተባብሎ መኖር ይቻላል። እኔም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፣ ቴሌቪዥኑ ክፉ ባወራ ቁጥር ልቤ ይመታል፣ እናቴ የነበራት ሳቅ የለኝም። ግን ከሥራ መልስ ልጄን ላመጣ ያንን ደረጃ ስወጣ፣ ግማሹ ላይ አልቆምም። ሳህኑን ከሂክማ እጅ ተቀብዬ ቢስሚላህ አልኩና ላዱውን ቆረስኩ፤ ሄሉ ልክ ነበር።